ሁለተኛዋ ልጅ የት ሄደች?

ወደዚህ ዓምድ ከሚመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹን የሚጽፏቸው ኮምፒውተር የተበላሸባቸው ሰዎች አይደሉም። ኮምፒውተሩ በደንብ እየሠራ ራሳቸው ግራ የተጋቡ ናቸው የሚጽፉልኝ። የዚህን ወር ደብዳቤዎች ሳነብ ከአርባ ዓመት በላይ ስሟን ያላነሳኋት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ትዝ አለችኝ። ስለ እሷ ሳላወራችሁ ወደ መልሱ ብገባ ነገሩ ይጎድልብኛል።

ሥራ የጀመርኩት በ19 ዓመቴ ካርድ በመብሳት ነው። ያኔ ለኮምፒውተር መረጃ የሚሰጠው በፓንች ካርድ ነበር። ካርዱ 80 ዓምድ አለው፤ በአንዱ ዓምድ አንድ ፊደል ወይም አንድ አኃዝ ይበሳል። እኔ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ደረሰኝ እያየሁ እመታለሁ። የመታሁት ክምር ከነደረሰኙ ወደ ኋለኛው ረድፍ ያልፋል። እዚያ ያለችው ልጅ ያንኑ ደረሰኝ ገልጣ፣ እኔ ምን እንደመታሁ ሳታይ፣ ከመጀመሪያው ትመታዋለች። የእሷ ማሽን ቬሪፋየር ይባላል፤ ካርድ አይበሳም፣ የሁለታችንን እጅ ያስተያያል እንጂ። ከተስማማን በካርዱ ቀኝ ጠርዝ ላይ ትንሽ ምልክት ይቆረጣል። ካልተስማማን ኪቦርዱ ይቆለፍና ቀይ መብራት ይበራል፤ ደግማ ሞክራም ካልገጠመ ምልክቱ በላይኛው ጠርዝ፣ ልክ ስህተቱ ካለበት ዓምድ በላይ ይቆረጣል። አንድ ክምር ካርድ አንስቶ ጠርዙን በአውራ ጣት የዳሰሰ ሰው የማን እጅ ደህና እንደዋለ ያውቃል።

እውነቱን ለመናገር አልወዳትም ነበር። ላይኛው ጠርዙ የተቆረጠ ካርድ ይዛ ትመጣለች፣ ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጣለች፣ አንድ ቃል ሳትናገር ትመለሳለች። ደመወዛችን እኩል ነው፤ እሷ ግን አንድም አዲስ ካርድ አታወጣም። ስለዚህ ካርዱ ቀርቶ በስክሪን መሥራት ሲጀመር መጀመሪያ የተሰናበተችው እሷ ሆነች። ወጪ ተቀነሰ ተባለ። እኔም እፎይ አልኩ።

አሁን ወደ ደብዳቤዎቹ።

«የምሠራው በአንድ አስመጪ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ነው። ደመወዝ፣ የሽያጭ ኮሚሽንና የወር ሪፖርት የሚወጡት ከአንድ ኤክሴል ፋይል ነው። ፋይሉን የሠራው ሰው ከለቀቀ ስድስት ዓመት አልፎታል። 23 ሺት አለው፤ ሁለቱ የተደበቁ ናቸው። አለቃዬ ‹እስካሁን ሠርቷል፣ አትንኪው› ይሉኛል። ባለፈው ወር የአንድ ሻጭ ኮሚሽን በእጄ ሳሰላው ከፋይሉ ጋር አልገጠመም። ዝም ልበል?»
— የሒሳብ ሠራተኛ

ዝም አትበዪ፣ ልጄ። ፋይሉንም ግን ዛሬውኑ አትንኪው።

አለቃሽን በክፉ አላያቸውም፤ ፍርሃታቸው ይገባኛል። የዚህ ዓይነት ፕሮግራም የተጀመረው ዳን ብሪክሊን የሚባል የሐርቫርድ ቢዝነስ ተማሪ፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ የሒሳብ ሰንጠረዥ ሲሠሩ ከማየቱ ነው። አንድ ቁጥር በተቀየረ ቁጥር ከእሱ የሚከተሉት ሁሉ ይደመሰሱና እንደገና ይጻፋሉ። ይህንን ማሽን ለምን አይሠራውም አለና ከቦብ ፍራንክስተን ጋር ቪዚካልክን ሠሩ፤ በ1979 ለአፕል ቱ ኮምፒውተር ገበያ ላይ ዋለ። ለዚያ አንድ ፕሮግራም ሲል ብቻ ኮምፒውተር የገዛ ነጋዴ ብዙ ነው። እኛ የኮምፒውተር ክፍል ሰዎች ግን አሻንጉሊት ነው ብለን ናቅነው። የተሳሳትነው እኛ ነበርን፦ ማንም የሒሳብ ሠራተኛ ፕሮግራመር ሳይለምን፣ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ የራሱን ስሌት በራሱ ጠረጴዛ ላይ መሥራት ቻለ።

በአንድ ነገር ግን ልክ ነበርን። እኛ የጻፍነውን ፕሮግራም ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሌላ ሰው ያነበው ነበር። ኤክሴል ፋይልም ፕሮግራም ነው፤ ልዩነቱ የሚጽፈው ሰው ፕሮግራም እየጻፈ መሆኑን አለማወቁ ነው። የሚያነብበትም የለም። ፎርሙላው ከቁጥሩ ሥር ተደብቆ ይቀመጣል፤ ላይ የሚታየው ውጤቱ ብቻ ነው። ውጤቱ ደግሞ ትክክልም ሆነ ስህተት ያው ንጹሕ፣ ያው ቆንጆ ሆኖ ነው የሚታየው። በእጅ የተሠራ ሒሳብ ቢያንስ ስርዝ ድልዙ ያሳብቅበታል።

ሊቃውንትም በዚህ ተሰናክለዋል። በ2010 ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ ስመ ጥር የኢኮኖሚ ምሁራን፣ የመንግሥት ዕዳቸው ከዓመታዊ ምርታቸው 90 በመቶ ያለፈ አገሮች አማካይ ዕድገታቸው ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ ነው ብለው ጻፉ። በጀት መቁረጥ የፈለገ ፖለቲከኛ ሁሉ ጽሑፉን ጠቀሰው። ቶማስ ሄርንደን የሚባል የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለክፍል ሥራ ብሎ ያንኑ ውጤት ለመድገም ቢሞክር ቢሞክር አልገጥም አለው። ጸሐፊዎቹን ፋይሉን ጠየቃቸው፤ ላኩለት። አማካዩን የሚያሰላው ፎርሙላ ዝርዝሩ ሳያልቅ ቆሞ አምስት አገሮችን አስቀርቷል። በእርግጥ ልዩነቱን ሁሉ ያመጣው ይህ አይደለም፤ የትኛው መረጃ ተካተተ፣ ለየትኛው አገር ምን ያህል ክብደት ተሰጠ የሚሉትም ነበሩ። ሁሉንም አስተካክለው እሱና መምህራኑ በ2013 ያወጡት አማካይ 2.2 በመቶ ነው። በሦስቱ ዓመታት ጽሑፉን ስንት ሰው አነበበው፣ ስንቱስ ተከራከረበት! ደረሰኙን ገልጦ ደግሞ የመታው ግን ያ ተማሪ ነው።

በ2020 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ የኮቪድ ምርመራ ውጤት በአሮጌው የኤክሴል ዓይነት ሲተላለፍ፣ ያ ዓይነት ከ65,536 ረድፍ በላይ ስለማይይዝ ትርፉ ቀረ። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) 15,841 ቫይረሱ የተገኘባቸው ሰዎች ከሪፖርቱ ውጭ ሆኑ፤ ከእነሱ ጋር የተነካኩትም በጊዜው አልተነገራቸውም። ፋይሉ አልጮኸም። ቀይ መብራት አልበራም። የዘረ መል ተመራማሪዎችማ ተስፋ ቆርጠው ስም ቀይረዋል፦ ኤክሴል «ማርች 1» እና «ሴፕት 1» የሚባሉ ጂኖችን ቀን እየመሰሉት መጋቢት 1፣ መስከረም 1 እያደረገ ቢያስቸግራቸው በ2020 የጂኖቹን መጠሪያ ራሱን ለወጡት። ሶፍትዌሩን ከማስተካከል ሳይንሱን መለወጥ ቀለለ ማለት ነው። ባስታወስኩት ቁጥር ያስቀኛል።

ወደ አንቺ ልመለስ። መጀመሪያ ፋይሉን ኮፒ አድርጊ፤ ስሙ ላይ ቀን ጻፊበትና ማንም በላዩ ላይ ሴቭ የማያደርግበት ቦታ አስቀምጪው። ከዚያ በኋላ የምትነካኪው ኮፒውን ብቻ ነው። የተደበቁትን ሁለት ሺቶች ግለጫቸው፤ በእኔ ልምድ በእጅ የተጻፉ የኮሚሽንና የታክስ መጣኔዎች የሚኖሩት እዚያ ነው፣ ከስድስት ዓመት በፊት እንደተጻፉ። ቀጥለሽ ኮንትሮልን ይዘሽ ከቁጥር 1 በስተግራ ያለችውን ቁልፍ ተጫኚ፤ ውጤቱ ይሄድና ፎርሙላው ሁሉ ይወጣል። በፎርሙላዎች መሃል ብቻውን የቆመ ቁጥር ካየሽ አገኘሽው ማለት ነው፦ አንድ ሰው አንድ የተጣደፈ ወር ላይ በፎርሙላው ላይ በእጁ ቁጥር ጽፎበት ረስቶት ሄዷል።

ኮሚሽኑ ያልገጠመውን ሻጭ ደግሞ ከውሉ ተነስተሽ፣ የአንድ ወር ብቻ፣ በወረቀት አስሊ። ያገኘሽውን ለጓደኛሽ አታሳያት። ውሉንና የሽያጭ ዝርዝሩን ስጫትና እሷም ታስላ። ሁለታችሁ ከገጠማችሁና ፋይሉ ካልገጠመ ወደ አለቃሽ ግቢ፤ ግን «ፋይሉ ስህተት አለበት» ብለሽ አትጀምሪ። «የዚህ ሰው ውል ይህን ያህል ይላል፣ እኛ የከፈልነው ይህን ያህል ነው» በያቸው። ስለ ፋይል ሲነገረው ያላዛጋ አለቃ፣ ስለ ገንዘብ ሲነገረው ያልነቃ አለቃ አላየሁም።

«እትዬ፣ ካሸር ነኝ። ማታ ስዘጋ ሲስተሙ ጉድለት ያሳያል፤ በሦስት ወር አምስት ጊዜ። አንድ ሳንቲም አልወሰድኩም። ሥራ አስኪያጁ ‹ኮምፒውተር አይዋሽም› እያሉ ከደመወዜ ይቆርጣሉ። ‹ከአንተ በቀር ማንም እንዲህ አልገጠመውም› ተብዬአለሁ። አሁንስ ራሴንም መጠራጠር ጀምሬአለሁ።»
— ካሸሩ

«ከአንተ በቀር ማንም» የምትለዋን ሳነብ ብዕሬን አስቀመጥኩ። ይህችን ቃል ሌሎች ሰዎች ሰምተዋታል።

በብሪታንያ የፖስታ አገልግሎት ቅርንጫፎችን በኮንትራት የሚያስተዳድሩ ሰዎች አሉ። ከ1999 ጀምሮ ሆራይዘን የሚባል፣ ፉጂትሱ የተባለ ኩባንያ ያቀረበው የሒሳብ ሲስተም ገባላቸው። ብዙም ሳይቆይ ማታ ሲዘጉ ጉድለት መታየት ጀመረ። ወደ እርዳታ መስመሩ ሲደውሉ ብዙዎቹ ችግሩ የእነሱ ብቻ እንደሆነ ተነገራቸው። ውላቸው ጉድለቱን ከኪሳቸው እንዲሞሉ ያስገድዳል፤ ቤታቸውን ያስያዙ፣ ከዘመድ የተበደሩ አሉ። እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ የሚሆኑት በስርቆት፣ በማጭበርበርና ሒሳብ በማዛባት ተፈረደባቸው። የታሰሩ አሉ። ራሳቸውን ያጠፉ አሉ።

ሲስተሙ ውስጥ የነበረው ምን ነበር? ስህተት፤ ያውም ብዙ ዓይነት። በአንደኛው ስክሪኑ ቀጥ ይልና ሠራተኛው ማረጋገጫውን ደጋግሞ ይጫናል፤ ሲስተሙ እያንዳንዱን መጫን እንደ አዲስ የገባ ገንዘብ ይመዘግበዋል። የማይገኝ ገንዘብ በሠራተኛው ስም ተጻፈ ማለት ነው። ከዚህም በላይ የፉጂትሱ ሠራተኞች የቅርንጫፎቹን ሒሳብ ከሩቅ ሆነው መቀየር ይችሉ ነበር፤ ፖስታ ቤቱ ግን ይህ አይቻልም እያለ ለዓመታት ተከራከረ። ሕጉም አላገዛቸውም፦ በእንግሊዝ አገር ከዘመኑ መባቻ ጀምሮ ፍርድ ቤት ኮምፒውተሩ በትክክል ይሠራ ነበር ብሎ ነው የሚነሳው፤ አልሠራም የሚል ራሱ ማስረጃ ያምጣ። የሱቅ ጠባቂ ማስረጃውን ከየት ያመጣል? ማስረጃው ያለው ሲስተሙ ውስጥ ነው።

አለን ቤትስ የሚባል ከእነሱ አንዱ ሌሎቹን ፈልጎ አሰባሰበ፤ 555 ሆነው ከሰሱ። በታኅሣሥ 2019 ዳኛው የቀድሞው ሲስተም አስተማማኝ ለመባል ቀርቶ ለዚያ የሚቀርብ እንኳ እንዳልነበረ ፈረዱ። በ2024 ፓርላማው ፍርዶቹን በሕግ በጅምላ ሻረ። ነገሩ ከተጀመረ ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶታል።

ያንተ ሲስተም እንዲህ ነው እያልኩህ አይደለም፣ ልጄ፤ አላየሁትም። መልስ ስትሰጥ ትሳሳት እንደሆነም አላውቅም። ሥራ አስኪያጁም አያውቁም፤ ልዩነታችን እሳቸው የሚያውቁ መስሏቸዋል። ኮምፒውተር አይዋሽም፣ እውነት ነው። የተነገረውን ነው የሚደግመው፤ የነገረው ማን እንደሆነ ነው መጠየቅ ያለበት።

ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ያዝ። የገባህበትን ሰዓት፣ ጠዋት የተረከብከውን የመነሻ ገንዘብ፣ ስክሪኑ የቆመበትን ወይም ኔትወርክ የተቋረጠበትን ደቂቃ፣ የዚያን ጊዜውን የደረሰኝ ቁጥር ጻፍ። መነሻውን ካንተ ጋር ሌላ ሰው ቆጥሮ ይፈርም። የይለፍ ቃልህን ሌላ ሰው ያውቀዋል? ሻይ ልትጠጣ ስትሄድ በአንተ ስም ተከፍቶ የሚቀር መሣሪያ አለ? የተሰረዙና የተመለሱ ሽያጮች በማን ስም እንደተሠሩ የሚያሳየው ዝርዝር ከሲስተሙ ይወጣል፤ ጉድለት የታየባቸውን የአምስቱን ቀናት ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቅ፣ የጠየቅክበትንም ኮፒ ያዝ። አምስቱን ደብተርህ ላይ ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው የሚመሳሰሉበት ነገር ሊኖር ይችላል፤ ያው መሣሪያ፣ ያው ሰዓት፣ ያው ተረካቢ።

ባልደረቦችህንም ራስህ ጠይቃቸው። ማንም አልገጠመውም ያሉህ ሥራ አስኪያጁ ናቸው እንጂ እነሱ አይደሉም።

«የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ኃላፊ ነኝ። አዲስ የስቶክ ሲስተም ከገባ ስምንት ወር ሆነው። ሠራተኞቼ ግን ደብተራቸውን አልተውም አሉ፤ ሁለቴ ይመዘግባሉ። ያፋጥናል የተባለው ሲስተም አዘገየን። ደብተሩን ልከልክል?»
— የመጋዘን ኃላፊ

አይከልክሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ተውሰው ያንብቡት።

እኔም አንድ ጊዜ እንደ እርስዎ ተናድጄ ነበር፤ ያውም ሲስተሙን ያስገባሁት ራሴ ነኝ። አንድ ቀን ሲስተሙ 480 የመኪና ዘይት ማጣሪያ አለ ይላል፤ መደርደሪያው ላይ 40 ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰው ስጠረጥር ከረምኩ፤ የማታ ጥበቃውን ሳይቀር። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ደብተራቸውን ገልጠው «40 ካ.» የምትል መስመር አሳዩኝ። «ካ» ማለት ካርቶን ነው። ካርቶኑ 12 ፍሬ ይይዛል። መጀመሪያ ሲስተሙ ውስጥ ያስገባችው ልጅ በፍሬ አስገብታለች፤ ቆጣሪው በካርቶን ቆጥሯል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የጎደለም ዕቃ የለም። መለኪያውን የሚነግር ሳጥን ስክሪኑ ላይ ያላስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጥበቃውን ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ አሁንም ያሳፍረኛል።

ያንን ደብተር ከዚያ በኋላ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። «ማሸጊያው የተቀደደ»፣ «ለጋራዡ የተያዘ»፣ «ነገ ይመለሳል ብሎ የወሰደ» የሚሉ ነገሮች ሞልተውበታል። የእኔ ሲስተም የሚያውቀው «አለ» እና «የለም» ብቻ ነበር። ሰዎቹ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚሠሩት በሁለቱ መሃል ባለው ነው። የእርስዎ ሠራተኞች ደብተር ውስጥም ሲስተሙ የማይጠይቃቸው ነገሮች ይኖራሉ፤ አቅራቢው እነዚያን ይጨምርልዎ። ያኔ ደብተሩ ማንም ሳይከለክለው ይቀራል።

ስለ መዘግየቱ ደግሞ አይደነቁ። ሮበርት ሶሎው የተባሉት የኢኮኖሚ ምሁር በ1987 የኮምፒውተር ዘመን ከምርታማነት አኃዝ በስተቀር በሁሉም ቦታ ይታያል ብለው ተሳልቀው ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ፖል ዴቪድ የሚባሉ የኢኮኖሚ ታሪክ ምሁር ያንኑ በኤሌክትሪክ አስረዱት። ፋብሪካዎች በመጀመሪያ ያደረጉት የእንፋሎት ሞተሩን አንስተው በቦታው አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ሞተር መትከል ነው፤ በጣሪያው ሥር የሚዞረው ዘንግና ቀበቶው ሁሉ እንደነበረ ቀረ። ትርፉ ትንሽ ነበር። ነገሩ የተለወጠው እያንዳንዱ ማሽን የራሱን ትንሽ ሞተር ሲያገኝና ማሽኖቹ በዘንጉ ሳይሆን በሥራው ቅደም ተከተል ሲደረደሩ ነው። በአሜሪካ ፋብሪካዎች ይህ እስኪሆን እስከ 1920ዎቹ ቆየ፤ የመጀመሪያው የኤዲሰን ማመንጫ ኒውዮርክ ላይ የተከፈተው ግን በ1882 ነው። አምስት ፊርማ የነበረው ቅጽ ስክሪን ላይም አምስት ፊርማ ከሆነ ዘንጉ አልተነሳም። ፊርማዎቹን ይቁጠሩ።

ደብተሩ የቀረ ቀን አንድ ነገር ያስቀሩልኝ። በሳምንት አንድ ጊዜ ሃያ ዓይነት ዕቃ ይምረጡና ይቆጠር፤ የሚቆጥረው ሰው ግን ሲስተሙ ስንት እንደሚል አይይ። ቁጥሩ ከተነገረው ዓይኑ ያንኑ ቁጥር ፈልጎ ያገኘዋል።

«በጥብቅና ቢሮ ረዳት ነኝ። አለቃችን አቤቱታ በቻትጂፒቲ አርቅቁ፣ በቀን ሦስት የነበረው አሥር ይሁን ብለዋል። የተጠቀሱትን ፍርዶች ለማረጋገጥ ጊዜ ብጠይቃቸው ‹ራሱን ጠይቂው› አሉኝ።»
— የሕግ ረዳት

ራሱን የጠየቀ ጠበቃ አለ። ኒውዮርክ ውስጥ ነው፤ በአንድ አየር መንገድ ላይ በቀረበ የጉዳት ካሣ ክስ ቻትጂፒቲ የሰጠውን ይዞ ፍርድ ቤት ቀረበ። ስድስት የተጠቀሱ ፍርዶች ከእነ ፋይል ቁጥራቸው ፈጽሞ የሌሉ ሆነው ተገኙ። ጠበቃው ፕሮግራሙን «እነዚህ እውነተኛ ናቸው?» ብሎ ጠይቆት ነበር፤ አዎን ብሎታል። በሰኔ 2023 ዳኛው በሁለቱ ጠበቆችና በቢሮአቸው ላይ የ5,000 ዶላር ቅጣት ጣሉ። ከገንዘቡ ይልቅ ስማቸው ነው የተከፈለው።

ምክንያቱን ለአለቃሽ እንዲህ አስረጃቸው። ፕሮግራሙ መዝገብ ቤት ገብቶ ፍርድ አያወጣም፤ ከዚህ ቃል ቀጥሎ የሚመጣው ምን ይመስላል እያለ ነው የሚያቀናብረው። ፍርድ የሚመስል ነገር አቀናብር ሲባል ያቀናብራል። መልሰሽ ስትጠይቂው ደግሞ የመታው እጅ ራሱ ነው ደግሞ የሚመታው። እኔ «7»ን «1» አድርጌ ያነበብኩትን ደረሰኝ እኔው ብደግመው «1» ብዬ ነው የምመታው፤ ቀይ መብራቱም አይበራም። ቬሪፋየሯ ሌላ ሰው የሆነችው ለዚህ ነበር። ዛሬ ፍርድ መፈለጊያ ያለው ፕሮግራምም አለ፤ ቢሆንም ፍርዱ አለ ማለት ያለውን ብሏል ማለት አይደለምና አንቀጹን ከፍቶ ማንበቡ አይቀርም።

እኔ ራሴ እጠቀምበታለሁ። የተዝረከረከ ማስታወሻዬን ያደራጅልኛል፤ ረጅም ደብዳቤ ያሳጥርልኛል። ዋናው ጽሑፍ እጄ ላይ ስላለ ሲሳሳት አየዋለሁ። የሌለኝን ነገር እንዲያመጣልኝ ግን አልልከውም። የደንበኛ ምሥጢርም ለጥፌ አልሰጠውም፤ ይህንን ለአለቃሽ በተለይ ንገሪያቸው።

ሒሳቡንም አሳያቸው። ማርቀቁ ከሁለት ሰዓት ወደ ሩብ ሰዓት ሊወርድ ይችላል። አንድን አቤቱታ ማረጋገጥ አንድ ሰዓት ይወስድ ከነበረ ግን አሁንም አንድ ሰዓት ነው፤ ምናልባት ይበልጣል፣ ምክንያቱም የሌላ እጅ ጽሑፍ ነው የምታነቢው። አሥር አቤቱታ አሥር የማረጋገጫ ሰዓት ይፈልጋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ሲፈታ ደግሞ ሰነዱ ላይ ያለው ፊርማ የእሳቸው ነው። በየጥቅሱ ጎን ምንጩን ከፍቶ ያነበበው ሰው የስሙን መነሻ ፊደል ይጻፍበት በያቸው። ፊደል ያልተጻፈበት አይወጣም።

«47 ዓመቴ ነው፤ የግዥ ሠራተኛ ነኝ። ኮዲንግ ልማር ብል ልጆቼ ሳቁብኝ።»
— የግዥ ሠራተኛ

ይሳቁ። ከወደዱት የፈለጉትን ይማሩ። ለሥራዎ ከሆነ ግን ከኤስኪውኤል ይጀምሩ፤ የግዥ ሲስተምዎ ውስጥ ያለውን መረጃ በቀጥታ የሚጠይቁበት ቋንቋ ነው፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ አለ፣ መሠረቱን በጥቂት ሳምንት ይይዙታል። አንድ አቅራቢ በአምስት ዓመት ዋጋውን ስንት ጊዜ እንደጨመረ ሪፖርት አውጪውን ሳይለምኑ ያወቁ ዕለት ልጆችዎን አስጠርተው ያሳዩዋቸው።

«ባለፈው እትም ‹ኤክሴል መጀመሪያ የወጣው ለዊንዶውስ ነው› ብለዋል። ትክክል አይደለም።»
— አንድ አንባቢ

ትክክል አይደለም። ከትዝታ ጻፍኩት፤ አዘጋጁ ፊደሌን አረመ እንጂ ነገሩን ከሌላ ቦታ አላየውም፣ እኔም እንዲያየው አልጠየቅኩም። የዊንዶውሱ የመጣው በ1987 ነው። እርስዎ ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ምንም ሳይጨምሩ ሄዱ፤ ላይኛው ጠርዙ ተቆርጧል። ደግሜ እመታዋለሁ፦ ኤክሴል፣ 1985፣ ማኪንቶሽ።